ከፍል ውኃ እስከ እንጦጦ፤ የእቴጌ ጣይቱ ዕረፍትና እምቢታ

ኀምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ተፈጽመው የትንሣኤ ሌሊት ሲነጋ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ የሚመለሰው ምእመን ነጠላውን ተከናንቦ ወደየቤቱ ይበተናል። በየቤቱ የሚጠብቀው ማዕድ ግን በራሱ የተሰናዳ አይደለም። ሽንኩርቱን የከተፈች፣ ጠላውን የጠመቀች፣ ዳቦውን የደፋች፣ የቅዳሜን ሌሊት ዶሮ ስትገነጥል ያነጋች እናት ወይም እኅት አለች። እንግዳ ሲገባና ሲወጣ እርሷ ቆማ ታስተናግዳለች። ጥቂት አረፍ ለማለት ብትቀመጥ እንኳ የሠራችው ሥራ ሳይሆን የቀረው ሥራ ይታሰባታል፤ መቀመጧ ራሱ በደል ሆኖ ይታያታል። ለዚህ ስሜት ቋንቋችን ስም አውጥቶለታል፤ ይሉኝታ ይባላል።

ይሉኝታ በልኩ ሲሆን መልካም ጠባይ ነው። ሰውን ከስግብግብነት ይጠብቃል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያዋድዳል። ከልኩ ሲያልፍ ግን የደከመው ሰው ድካሙን እንዳይናገር፣ የታመመው ሕመሙን እንዳይገልጥ፣ የማይችለውን የተጠየቀውም እንደማይችል እንዳያስታውቅ አፍን ይዘጋል። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለዕረፍት ቦታ አልነፈገም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ድካም በጊዜው እንደ ተደነገገ ሁሉ ዕረፍትም በጊዜው ተደንግጓል። በሥርዓት ለተደነገገው ዕረፍት እኛ በየቤታችን ለምን እናፍራለን? ጥያቄው በበዓል ቀን ሊነሣ የሚገባው ነው ብለን እናምናለን።

በዛሬው የበዓል ዐምዳችን ይህን ጥያቄ ይዘን የአንዲት ታላቅ ኢትዮጵያዊት ሕይወት እንመለከታለን። እኒህ ሴት ትዳራቸውን የመሠረቱት በትንሣኤ በዓል ነው፤ ስማቸውም ከአራዳ እምብርት አልጠፋም። እርሳቸውም ብርሃን ዘኢትዮጵያ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ስለ ዓድዋ ጀግንነታቸው ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን ዛሬ የምናተኩረው መቼ እንዳረፉ፣ መቼ እምቢ እንዳሉ፣ ወሰን ማበጀት ሲያቅታቸውም ምን እንደ ደረሰባቸው በሚያሳየው የሕይወታቸው ገጽ ላይ ነው።

የሰሜን ልጅ፣ የሸዋ እቴጌ

እቴጌ ጣይቱ በ1840ዎቹ ዓ.ም. እንደ ተወለዱ ይታመናል። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ ስሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አጎታቸው ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል ከሆኑ በኋላ ቤተ ሰቡ የሥልጣንን ብቻ ሳይሆን የመከራንም ጣዕም ያወቀ ሆነ። ጣይቱ ያደጉት በዚህ ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ ለሴት ልጅ ብርቅ የነበረውን ትምህርት አግኝተው ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር፤ ግእዝ መማራቸው፣ በገና መደርደራቸውና ሰንጠረዥ መጫወታቸውም ይነገርላቸዋል። በገናና ሰንጠረዥን እንደ ትርፍ ነገር አንቁጠራቸው። ሰው ብቻውን ሲሆን ልቡን የሚያሳርፍበት ነገር እንደሚያስፈልገው ጣይቱ ከልጅነታቸው የተረዱ ይመስላል።

ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ከመጋባታቸው በፊት ጣይቱ ከአንድ በላይ ትዳር አይተዋል። በዚያ ዘመን የመኳንንቱ ጋብቻ አብዛኛው የሰማንያ ነበር፤ በውል ይታሰራል፣ በውል ይፈታል። የፖለቲካው ነፋስ በተለወጠ ቁጥርም ትዳሩ አብሮ ይለወጥ ነበር። በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም የተፈጸመው የጣይቱና የምኒልክ ጋብቻ ግን የቁርባን ነበር። የቁርባን ጋብቻ እንደ ፈለጉ የሚገቡበት፣ እንደ ፈለጉ የሚወጡበት አይደለም። ብዙ ያዩ ሴት ወደ አዲስ ትዳር ሲገቡ እንደ ቀድሞው በማንም ፈቃድ የማይፈርስ አጥር ይዘው መግባታቸው ለእኛ ትርጉም አለው። በሕይወታቸው ውስጥ የምናየው የመጀመሪያው ወሰን ይህ ነው።

ከተማን የወለደ መታጠቢያ

ከአንኮበር በኋላ የምኒልክ መቀመጫ ወደ እንጦጦ ተራራ ተዛወረ። እንጦጦ ለጠላት የማይመች፣ አገርን ሁሉ ቁልቁል የሚያሳይ ምሽግ ነበር፤ ለኑሮ ግን የከበደ ነበር። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ነፋሱ ድንኳን ይገለብጣል፤ እንጨቱም እያደር እየተመናመነ ሄደ። ወታደሩ ይህን ሁሉ ችሎ ይኖር ነበር፤ መቻል የጀግንነት ምልክት ነውና ማንም ደፍሮ ቅሬታ አያቀርብም።

እቴጌ ጣይቱ ግን ከተራራው ግርጌ፣ ፍንፍኔ በተባለው ሜዳ ላይ፣ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ውኃ መኖሩን አዩ። ከንጉሡና ከሠራዊቱ ጋር እየወረዱ በፍል ውኃው ይታጠቡ፣ ሰውነታቸውንም ያሞቁ ነበር። የቦታው ልምላሜና የአየሩ ሙቀት ስለ ማረካቸውም በአጠገቡ ቤት እንዲሠራላቸው ንጉሡን ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. ቤቱ ተሠራ። ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱም እቴጌይቱን ተከትለው በዙሪያው ርስት እየተመሩ ቤት ሠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ከተራራው ወረደ።

ይህን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ አንድ ነገር ግን ልብ ሳንለው አልፈናል። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርበት ይህ ከተማ መነሻው ገበያ አይደለም፤ ወደብ አይደለም፤ ምሽግም አይደለም። መነሻው አንዲት የደከማቸው ሴት ሰውነታቸውን ለማሳረፍ የወረዱበት መታጠቢያ ነው። እቴጌይቱ ብርዱን ችለው ዝም ቢሉ ኖሮ ምናልባት የመቻል ምስጋና ያገኙ ነበር። ለራሳቸው ያሰቡት ግን ለብዙዎች ተረፈ። ለራስ ማሰብ ሁልጊዜ ከሌላው መንጠቅ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር የምናገኝ አይመስለንም።

ግብር ልክ አለው

ለራሳቸው የሚያስቡ ሴት ስንል ለሌላው የማያስቡ ነበሩ ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳናል። በ1880 ዓ.ም. መባቻ ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ እቴጌይቱ ያሰናዱት ግብር አምስት ቀን የፈጀ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የበላበትና የጠጣበት፣ በታሪክ ጸሐፊዎች ሳይቀር የተመዘገበ ነበር። የወጡን ዓይነት፣ የጠጁን ብዛት፣ የከብቱን ቁጥር አስልቶ ያን ያህል ሰው ሳያሳፍሩ መሸኘት ቀላል ችሎታ አይደለም።

ሆኖም የቤተ መንግሥት ግብር ትልቅ ቢሆንም ወሰን የሌለው አልነበረም። ሰው እንደ ማዕርጉ በተራ ይገባል፤ በልቶ ሲጨርስ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቅቃል። የሚከፈትበት ሰዓት አለ፤ የሚዘጋበትም ሰዓት አለ። ትልቁ ልግስና የተሠራው በሥርዓትና በልክ ነው። ዛሬ በየቤታችን በበዓል ቀን በራችን ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ተከፍቶ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ሁሉንም ስታስተናግድ ስናይ፣ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ እኛ ብዙ ግብር የምናበላ ይመስላል።

እምቢ የማለት ትምህርት

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ጣይቱ የእቴጌነት ዘውድ ተቀዳጁ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ ወር 1881 ዓ.ም.፣ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌ ውል ተፈርሞ ነበር። የውሉ ዐሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣልያ መጠቀም እንደሚቻላት ሲገልጥ፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎባት ተገኘ። በወዳጅነት ስም አገሪቱ በሞግዚት እጅ ገብታ ነበር ማለት ነው።

የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማግባባት አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ዋናው ክርክር የተካሄደው ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ነው። አንቶኔሊ መንግሥቱ ውሉን ለአውሮፓ ኃያላን ስላስታወቀ አሁን ቢለወጥ የኢጣልያ ክብር እንደሚነካ ያስረዳ ነበር። በዘመናችን ቋንቋ ብንናገር ነገሩ በይሉኝታ ለመያዝ የታሰበ ነበር። እቴጌይቱ ግን የኢትዮጵያም ክብር ክብር መሆኑን፣ የአንዱ ኀፍረት በሌላው ውርደት ሊከደን እንደማይገባው አስረድተው አልቀበልም አሉ። መልእክተኛው በዚያው ዓመት ያሰበው ሳይሳካ ተመለሰ፤ በ1885 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ውሉን መሻራቸውን በይፋ አስታወቁ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። እምቢታው ስድብ አልነበረበትም፤ ረጅም ሰበብም አልተደረደረለትም። የጠያቂው ቅር መሰኘት ለእሺታ በቂ ምክንያት አለመሆኑ ብቻ ተገለጠ። እምቢታው ዋጋ ማስከፈሉም አልቀረም። ጦርነቱ መጣ፤ በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የኢጣልያ ጦር የሚጠጣበትን ምንጭ በመያዝ ምሽጉን ማስለቀቅ እንደሚቻል የመከሩት እቴጌይቱ ነበሩ፤ የራሳቸው ሰዎችም ምንጩን ያዙ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ደግሞ ለተዋጊውና ለቆሰለው ውኃ የሚያቀብሉትን ሴቶች አሰልፈው ዋሉ። እምቢ ማለት የሚያውቁት እጆች መስጠትንም ያውቁ ነበር።

የአራዳው ሆቴል

ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ እየሰፋች ሄደች። በምሥራቅ ጉብታ ላይ ቤተ መንግሥቱ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ የዓድዋ መታሰቢያ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቡ ትልቁ የአራዳ ገበያ ነበሩ። ፒያሳ የሚለው ስም የመጣው በኋላ ከኢጣልያኖች ነው፤ በእቴጌይቱ ዘመን ስፍራው አራዳ ብቻ ነበር። ነጋዴው፣ መልእክተኛው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ ከየአገሩ ወደዚች ከተማ ይጎርፍ ጀመር።

በነባሩ ልማድ የንጉሥ እንግዳ የሚያርፈው በንጉሡ ትእዛዝ፣ የሚበላውም ድርጎ እየተሰፈረለት ነበር። እንግዳ ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ልማድ የአገር ክብር ነበር። እንግዳው በየቀኑ ሲበዛ ግን ሸክሙ በቤተ መንግሥቱና በባላገሩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለው ስፍራ ሆቴል አቋቋሙ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ይኸው ነው። በእቴጌይቱ ማዕርግ እቴጌ ሆቴል ተባለ፤ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል ብለን እንጠራዋለን።

በዚያ ዘመን ለተቀመሰ እንጀራ ዋጋ መቀበል እንደ ነውር ይታይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ከፍሎ የሚበላ አገሬ ጠፍቶ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እየጋበዙ፣ ዋጋውንም እየከፈሉ እንዳለማመዱ ይተረካል። እቴጌይቱ በዚህ አላፈሩም። አምስት ቀን ሙሉ ሺዎችን በነፃ ያበሉ ሴት አሁን ደግሞ የምግብ ዋጋ ማስከፈላቸው ሥስት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ግብሩ በግብርነቱ ቀጠለ፤ ሆቴሉም በሆቴልነቱ ቆመ። በስጦታና በሥራ መካከል ግልጥ መስመር ተሰመረ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ዛሬም ለብዙዎቻችን ያስቸግረናል። ለዘመድ የተሠራ ሥራ ዋጋ ቢጠየቅበት ዘመድነቱ የሚፈርስ ይመስለናል፤ ሳንጠይቅ ቀርተን ግን በልባችን ቂም እንቋጥራለን። ቂሙ ከዋጋው ይልቅ ዘመድነትን ያፈርሳል።

ወሰን የጠፋበት ጊዜ

እስካሁን የተረክነው የእቴጌይቱን ብርታት ነው። የሕይወታቸው ከባድ ትምህርት ግን የሚገኘው በድካማቸው ዘመን ነው።

ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ዐፄ ምኒልክን ሕመም ጀመራቸው፤ እያደርም ጸናባቸው። በ1902 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የወደቀባቸው ብርቱ ሕመም ሰውነታቸውን አልፍስፍሶ አንደበታቸውን ያዘ። በአልጋው አጠገብ ያሉት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። በሽተኛውን ያስታምማሉ፤ የሚጎበኘውን ይመርጣሉ፤ መድኃኒቱንና ምግቡን ይቆጣጠራሉ። ልጅ ባልወለዱበት ትዳር ባላቸው ሁሉ ነገራቸው ነበሩና ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም።

ሆኖም በዚያው ጊዜ የመንግሥቱ ሥራም በእጃቸው ገባ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው ነበር፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታውጆ ነበር። እቴጌይቱ ግን ሹመቱን፣ ሽረቱን፣ ግዛት ማከፋፈሉን ሁሉ ራሳቸው ይመሩት ጀመር። ቀን በችሎትና በሹመት፣ ሌሊት በአስታማሚነት ያልፍ ነበር። ዘመዶቻቸውን በየግዛቱ ማስቀመጣቸውም መኳንንቱን አስኮረፈ። በዚህ ውስጥ ፍቅርም ነበረ፣ ለአገር መጨነቅም ነበረ፣ የሥልጣን ምኞትም ነበረ፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ መፍረድ ከባድ ነው። ግልጥ የሆነው ነገር አንድ ሰው የሁለት ሰው ሸክም ተሸክሞ አንዱንም ማውረድ አለመቻሉ ነው።

በመጨረሻም ያልተሰመረውን መስመር ሌሎች አሰመሩት። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና የመሐል ሰፋሪ ጦር ተሰብስበው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ አስገደዱ። የመንግሥቱ ሥራ በእንደራሴው በራስ ተሰማ ናደው እጅ ሆነ። በውጫሌ ክርክር ለአገር ወሰን ያልተበገሩት እቴጌ ለራሳቸው ኑሮ ወሰን ማበጀት ባቃታቸው ጊዜ ወሰኑ በጉልበት ተበጀላቸው። ራሱ ያላበጀውን ወሰን ሌላው ሲያበጅለት ለማንም ሰው ቢሆን መራራ ነው። ለአስታማሚ ሕመሙ፣ ለሠራተኛ ከሥራ መባረሩ፣ ለትዳር መለያየቱ ብዙ ጊዜ በሌላ እጅ የተሰመረ ወሰን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ለእቴጌይቱ የማስታመም ዘመን ብቻ ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ።

የእንጦጦ ዓመታት

ባላቸው ከሞቱ በኋላ እቴጌ ጣይቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲሄዱ ተደረገ። ይህ በፈቃድ የተመረጠ ዕረፍት ነበር ብንል እውነቱን እንሸፍናለን። የመጡት ተገድደው ነው። ነገር ግን ተገድደው የገቡበትን ቦታ እንዴት እንደ ኖሩበት ማየት ተገቢ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ እርሳቸው የደከሙባት፣ አምስት ቀን ግብር ያበሉባት፣ ዘውድ የጫኑበት ነበረች። ከሠላሳ ዓመት ያህል የቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ሩጫ በኋላ ቀናቸው በጸሎት የሚከፈትና በጸሎት የሚዘጋ ሆነ። ከተራራው ቁልቁል ሲመለከቱ እርሳቸው የሰየሟት ከተማ ያለ እርሳቸው ትተዳደር፣ ትሰፋም ነበር።

በመስከረም ወር 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው የዐፄ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። ዘውዲቱ የእንጀራ ልጃቸው ብቻ ሳይሆኑ የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ የራስ ጉግሣ ባለቤት የነበሩ ናቸው። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአራዳ ጊዮርጊስ ዘውድ ሲጫንላቸው ለእቴጌይቱ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚመለሱበት በር የተከፈተ ሊመስል ይችል ነበር። ሆኖም እቴጌ ጣይቱ የቀሩትን ቀኖቻቸውን የፈጸሙት በእንጦጦ ነው። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጠየቁት ነገር ቢኖር ወደ ጎንደር ሄደው በአገራቸው ዕድሜያቸውን እንዲጨርሱ ነበር፤ ይህም አልተፈቀደላቸውም። ሥልጣን ሳይሆን ዕረፍት የለመኑበት ይህ ልመና ከሕይወታቸው ሁሉ ይልቅ ልባችንን ይነካል።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑ ልክ በዓመቱ፣ እቴጌ ጣይቱ ዐረፉ። ዛሬ ዐፅማቸው ከዐፄ ምኒልክ ጎን በታዕካ ነገሥት በኣታ ለማርያም ገዳም ይገኛል።

ለእኛ የቀረልን

እቴጌይቱ ካረፉ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆነ። ሆቴላቸው ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ቢጎዳም ዋናው ሕንፃው ተርፏል። በ2016 ዓ.ም. በዙሪያው የነበሩ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የስፍራው መልክ ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት የዓድዋ ድል መታሰቢያ በመሐል ፒያሳ ተመረቀ። በአራዳ የሚያልፍ መንገደኛ የእቴጌይቱን ስም የሚያነብበት ቦታ አላጣም።

ከሕይወታቸው ግን ከስማቸው ሌላ የምንወርሰው አለ። በፍል ውኃ ሰውነታቸውን አሳርፈው ከተማ ወለዱ፤ በአንቶኔሊ ፊት እምቢ ብለው ክብር አስጠበቁ፤ በአራዳ ዋጋ ተምነው ሆቴል አቆሙ። በእነዚህ በሦስቱም ይሉኝታ ቢይዛቸው ኖሮ የምንተርከው ታሪክ ባልኖረ ነበር። በአልጋው አጠገብ ግን ሁሉን ብቻቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ ሁሉንም ሌሎች ወሰዱባቸው። ብርቱ ሴት መሆን ከድካም አያድንም፤ እንዲያውም ብርቱ የተባለ ሰው ደከመኝ ለማለት የባሰ ይቸገራል።

የዘመናችን ሕክምናም ይህንኑ ያረጋግጥልናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የሌለው የሥራ ጫና የሚያመጣውን የሰውነትና የመንፈስ መዛል በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር አድርጎ አስፍሮታል። የታመመ ዘመድ የሚያስታምም ሰውም ተለዋጭ ካላገኘ ራሱ በሽተኛ ሊሆን እንደሚችል ሐኪሞች ይመክራሉ። አባቶቻችን ይህን ያወቁት በመዝገብ ሳይሆን በልማድ ነበር፤ ማስታመም በተራ፣ ለቅሶ መቀመጥ በተራ፣ ዕድር ማገልገል በተራ ነበር። ተራ ማለት የዕረፍት ሌላ ስሙ ነው።

እንግዲህ በዚህ በዓል ምን እናድርግ? ነገሩ ታላቅ ገድል አይጠይቅም። የቤቱ ወንዶችና ልጆች ሳህኑን ቢያጥቡ፣ ቡናውን ቢያፈሉ፣ እንግዳውን ቢሸኙ የበዓሉ ክብር አይቀንስም። የበዓሉን ወጪ ከአቅም በላይ ማድረግ ያልቻለ ሰው ያለውን አቅርቦ ቢቀመጥ አያፍርበት። ብድር የተጠየቀና የሌለው ሰው እንደሌለው ቢናገር ወዳጁን አላዋረደም። በሽተኛ ይዛ የሰነበተች እኅት ለግማሽ ቀን በሌላ ተተክታ ብትተኛ በሽተኛዋን አልተወችም። እምቢ የሚለውም ሰው እንደ እቴጌይቱ ያለ ስድብና ያለ ረጅም ሰበብ ይበል፤ የሚሰማውም ቅር ሳይሰኝ ይቀበል። ይሉኝታ የሚፈታው በተናጋሪው ድፍረት ብቻ ሳይሆን በሰሚው ቸርነትም ጭምር ነውና።

ዶሮውን የሠራችው እናት ዛሬ ቀድማ ትቀመጥ፤ ሌላው ቆሞ ያስተናግዳት። መልካም የትንሣኤ በዓል እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።